በጥፍር የሚነበብ ኬብል

ደሳለ ሦስተኛ ክፍል ሳለ የሥዕል አስተማሪው ባለቀለም እርሳሶች አደሉና «የአገራችሁን ሰንደቅ ዓላማ ሳሉ» አሉ። ደሳለ በማስመሪያ አሰመረ፤ ከመስመሩ ሳይወጣ ቀለም ቀባ፤ ደብተሩንም በኩራት ይዞ ወደ አስተማሪው ሄደ። አስተማሪው ገና ሲያዩት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነበር።

«ሰንደቅ ዓላማ ትገለብጣለህ?» አሉና ከሰሌዳው ሥር አንበረከኩት።

ክፍሉ በሳቅ አወካ። ደሳለ ምን እንዳጠፋ አልገባውም። እንደተንበረከከ ሥዕሉን ቢያየው ቢያየው ከላይም ከታችም ያለው ለእሱ ያው አንድ ነገር ነው፤ ጥርት ብሎ የሚታየው የመሀሉ ቢጫ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ልጆች እሱ የማያየውን አንድ ነገር እንደሚያዩ የዚያን ቀን ገባው። ለማንም ግን አልተናገረም። ከጎኑ የምትቀመጠውን ልጅ በዘዴ እየጠየቀ እርሳሶቹን በጥርሱ ነከሳቸው፤ ቀዩን አንድ ጊዜ፣ አረንጓዴውን ሁለት ጊዜ። ዓመቱ ሲያልቅ በሥዕል ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣ።

የተወለደው ከአሸተን ማርያም ግርጌ ባለች አንዲት መንደር ነው። አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ሲፈላልግ የስልክ ምሰሶ የሚተክሉ ሰዎች ላሊበላ ገብተው ስለነበር ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኖ ተቀጠረ። ከቁፋሮ ወደ ምሰሶ መውጣት፣ ከምሰሶ ወደ ሽቦ መሳብ፣ ከዚያም ወደ ቤት ውስጥ ኬብል እያለ፣ የከተማው የኢንተርኔት ጣቢያ የኬብል ሠራተኛ ለመሆን በቃ፤ ኬብል ከያዘ ሃያ ዓመቱ ነው። እጁ ንጹሕ ነው ይባልለታል። እሱ የዘረጋው ኬብል አይጎብጥም፣ አይንዛዛም። በየጫፉ ላይ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በትንሽ ወረቀት ይጽፍና በፕላስተር ይለጥፍበታል።

ችግሩ ያለው ከኬብሉ ውስጥ ነበር። የውጭ ልባሱ ሲገፈፍ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ብቅ ይላሉ፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተገመዱ አራት ጥንዶች። አንዱ ጥንድ ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቡናማ ነው፤ በየጥንዱ አንደኛው ሽቦ ነጭ የተቀላቀለበት ነው። እነዚህ በተወሰነላቸው ቅደም ተከተል በፕላስቲክ ጫፍ ውስጥ ካልገቡ ኬብሉ አይሠራም። ሰማያዊውን ደሳለ በደንብ ያየዋል። ብርቱካናማውም ፈካ ስለሚል አያሳስተውም። አረንጓዴውና ቡናማው ግን ለእሱ መንታ ናቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ከሥራ ሊወጣ ቆርጦ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን ተቀምጦ የተጣሉ የኬብል ቁርጥራጮችን ሲገፍ፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር በአንዱ ጥንድ ላይ ሲያልፍ ቶሎ ቶሎ ተንቀጫቀጨ፤ በሌላው ላይ ግን ዘግየት አለ። ለካስ ጥንዶቹ እኩል አልተገመዱም። አንዱ ጥብቅ ያለ ነው፣ ሌላው ላላ ያለ። የሥራ ባልደረባውን «ይህኛው ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ጥብቁ አረንጓዴ፣ ልሉ ቡናማ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደሳለ ኬብል የሚሠራው በጥፍሩ ነው። ሰው ሲያየው ሽቦውን የሚያፍታታ ይመስላል እንጂ የሚያነብ አይመስልም።

ምስጢሩን ያወቀች አንዲት ሰው ነበረች። ሰገነት ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ በሚወስደው መንገድ ዳር ነጠላና ፎጣ ትሸጣለች። ደሳለ ለእናቱ ነጠላ ሊገዛ ሄዶ አንዱን በጣቱ አሳየና «ይህን ቀይ ጥለት ያለውን» አላት።

«ይሄ አረንጓዴ ነው።»

«አዎ፣ እሱን ማለቴ ነው» አለና ከፍሎ ሄደ።

በሳምንቱ ተመልሶ ሌላ ነጠላ እያሳየ «አረንጓዴውን» አለ። ቀይ ነበር። ሰገነት ነጠላውን አጠፈችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ቀለም አትለይም አይደል?» አለችው። ደሳለ አንገቱን ደፋ። እሷ ሳቀች፤ ግን የሦስተኛ ክፍሉን ዓይነት ሳቅ አልነበረም። «ታዲያ ምን አለበት? እኔ እነግርሃለሁ» አለች። እናቱ በዚያ ዓመት አምስት ነጠላ ደረሳቸው። በዓመቱ ደሳለና ሰገነት ተጋቡ፤ አሁን ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው።

በጣቢያው ውስጠኛ ክፍል ራውተር የሚሉት የብረት ሳጥን አለ። ከውጭ የሚመጣው ዋናው መስመር እሱ ውስጥ ይገባና ለሆስፒታሉ፣ ለባንኮቹ፣ ለትምህርት ቤቶቹና ለሆቴሎቹ ይከፋፈላል። ሳጥኑ እንደ መሳቢያ የሚገቡና የሚወጡ ካርዶች አሉት፤ በየካርዱ ፊት ላይ ኬብል የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ካርዱ ደህና ሲሆን አንዲት መብራት አረንጓዴ ታበራለች፤ ሲታመም ቀይ ትሆናለች። ይህ ደግሞ ለደሳለ ሌላ መከራ ነበር። እሱ ግን ለዚህም መላ አላጣም፤ የጣቢያው ጥበቃ ጋሽ ዘውገ አሉለት።

«ጋሽ ዘውገ፣ እስቲ ብቅ ይበሉና ያችን መብራት ይዩልኝ። ምን መሰለች?»

«አረንጓዴ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንደ ቄጠማ!»

ይህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን በር ላይ አስደግፈው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይገባሉ፤ አይተው ይናገራሉ፤ ይወጣሉ። ደሳለ እንደ ተቆጣጣሪ ስለቆጠራቸው ደስ የሚላቸው ይመስለው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ከበላይ መሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ መጣ። በከተማው እንግዳ ማረፊያ እየበዛ፣ አሮጌውም ካርድ እያረጀ ስለሄደ በአዲስ ይተካ ተባለ። ካርዱን ከደሴ ይዛ የመጣችው ትርሐስ የምትባል ኢንጂነር ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ቢሆን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከመኪና ስትወርድ ካርዱን ከነካርቶኑ እንደ አራስ ልጅ አቅፋው ነበር።

«ኢንጂነር፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ይስጡኝ ልያዝልዎት» አለ ደሳለ።

«ኧረ ጋሽ ደሳለ፣ እኔን አንቺ ይበሉኝ፤ ልጅዎ እኮ እሆናለሁ።»

«ልጄስ አትሆኝም፤ ያን ያህል አላረጀሁም።»

ትርሐስ ሳቀች። «ከጋሸና ጀምሮ ጭኔ ላይ አድርጌው ነው የመጣሁት። መንገዱ ሲያንገጫግጭ እኔ ተንገጫገጭኩ እንጂ እሱ አልተንገጫገጨም።»

ሥራው የታሰበው ለእሑድ ጠዋት ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት። በዚያ ሰዓት ባንክ ዝግ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የከተማው ሰው ቅዳሴ ላይ ነው። መስመር ቢቋረጥ የሚቆጣ የለም። ቅዳሜን ደግሞ ኬብል ሲያዘጋጁ ዋሉ። አሮጌዎቹ ኬብሎች ስለደረቁ ሃያ አራት አዳዲስ ያስፈልጋሉ። ትርሐስ ግድግዳው ላይ ካለው መገናኛ ሰሌዳ በኩል ያለውን ጫፍ ትሠራለች፤ ደሳለ ካርዱ ላይ የሚሰካውን ጫፍ።

እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ አሥራ ስምንቱን ሠራ። እያንዳንዱን በመፈተሻዋ ትንሽ ሳጥን ፈተሸ፤ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር የተጻፈባቸው መብራቶች በየተራ ብልጭ ካሉ ኬብሉ ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነበሩ። አሥራ ስምንተኛው ላይ የጣቢያው የኬብል ጥቅል አለቀ። ትርሐስ ይዛው ከመጣችው አዲስ ካርቶን መዘዘ።

የዚህኛው ኬብል ሥሪት ሌላ ነው። ደሳለ ልባሱን ገፎ ጥፍሩን ሲያሳልፍበት ሁለቱም ጥንዶች ጥብቅ ብለው ተሰሙት። ደገመው። አንደኛው በጥቂቱ የበለጠ የጠበቀ መሰለው፤ እሱን አረንጓዴ አለው። ቀሪዎቹን ስድስት እንዲህ አድርጎ ጨረሰ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ወገቡን ያመው ጀመር። መፈተሻዋን አነሣት፤ ተመልሶ አስቀመጣት። ሃያ ዓመት ያልዋሸኝ ጥፍር ዛሬ ይዋሸኛል? አለ በልቡ።

«ጋሽ ደሳለ፣ ሁሉም ተፈትሸዋል?» አለች ትርሐስ ቦርሳዋን እየዘጋች።

«አልቀዋል» አላት። ተፈትሸዋል አላለም።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ተገናኙ። ጋሽ ዘውገ ቅዳሴ ሄደው፣ በር ላይ ተረኛው ሌላ ሰው ነበር። ደሳለ በእጁ አንጓ ላይ ሽቦ ያለውን ማሰሪያ አሰረና ጫፉን ከሳጥኑ ብረት ጋር አያያዘ። ሰው በሰውነቱ ሳያውቀው ኮረንቲ ይዞ ይዞራል፤ ያ ኮረንቲ በካርዱ ላይ ካረፈ ካርዱን ሳያስታውቅ ይገድለዋል። ከዚያ አሮጌዎቹን ኬብሎች አንድ በአንድ ነቀለ፣ ሁለቱን ብሎኖች አላላ፣ በግራና በቀኝ ያሉትን እጀታዎች ወደ ውጭ ከፈተ። አሮጌው ካርድ አቧራውን እንደለበሰ ተንሸራትቶ ወጣ።

ትርሐስ አዲሱን ከብርማ ከረጢቱ አውጥታ በጠርዙ ብቻ ይዛ አቀበለችው። ደሳለ በሐዲዱ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ገፋው። መጨረሻው ላይ ቆም አለ።

«በኃይል እንዳይገፉት» አለች።

«አልገፋውም። ራሱ ይገባል።» ጥቂት ወደ ኋላ ሳበው፣ አቃናው፣ ደግሞ ሰደደው። እጀታዎቹን ሲዘጋ ቀጭ አለ። ብሎኖቹን አጠበቀ። ከዚያ ሃያ አራቱን ኬብሎች ከአንደኛው ቀዳዳ ጀምሮ በየተራ ሰካ፤ ሳይጠመዘዙ፣ ሳይወጠሩ፣ ጎን ለጎን እንደተበጠረ ፀጉር አስተኛቸውና በጨርቅ ማሰሪያ ላላ አድርጎ አሰራቸው። ትርሐስ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣች።

«ይሄንን ደሴ ላሉት ባልደረቦቼ ነው የማሳየው» አለች።

ካርዱ እስኪነቃ ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። ትርሐስ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራ ትቆጥር ጀመር። «አንድ ተነሣ። ሁለት። ሦስት፣ አራት...» ደሳለ አብሯት በልቡ ይቆጥር ነበር። አሥራ ስምንት ላይ ቆጠራው ቆመ።

«ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ አራት የሉም» አለች።

ጠበቁ። አሁንም የሉም። ካርዱን አጥፍታ አስነሣችው። አሥራ ስምንቱ ተመለሱ፤ ስድስቱ እንደጠፉ ቀሩ።

«በሽታው ካርዱ ላይ ነው» አለች በንዴት። «መጨረሻ ላይ ያሉት ስድስቱ ቀዳዳዎች ተከታታይ ናቸው። የካርዱ የዚያ ጎን ሞቷል ማለት ነው። ይሄን ሁሉ መንገድ አቅፌው መጥቼ! አሮጌውን እንመልሰው፤ ይሄን ወደ ደሴ ይዤው እመለሳለሁ። ሌላ እስኪመጣ ወር ይፈጃል።» ስልኳን አነሣችና ለአለቃዋ መጻፍ ጀመረች።

ደሳለ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ስድስት። ከአዲሱ ካርቶን የተሠሩት ስድስት ናቸው። በልቡ ውስጥ ሁለት ሰው ይሟገት ጀመር። አንዱ፣ ዝም በል፣ ካርዱ ነው ብላለች፣ አንተ ምን አገባህ ይላል። ሌላው ደግሞ፣ ካርዱ እኮ ምንም አላደረገም፣ ልጅቷም ጉድለት የሌለበትን ዕቃ ጉድለት አለበት ብላ ልትፈርም ነው ይላል። ግን ከተናገረ ያ ሁሉ ሃያ ዓመት ሊገለጥ ነው። ቀለም የማይለይ ሰው ኬብል ላይ ማን ያቆየዋል? ሁለቱን ልጆቹን አሰበ። ቀጥሎ ትርሐስ «ላክ» የምትለውን ልትነካ አውራ ጣቷን ስታነሣ አየ።

«ቆይ፣ አትላኪው» አለ።

«ምነው?»

«ካርዱ ደህና ነው። ኬብሎቹ ናቸው። ስድስቱን አልፈተሽኳቸውም።»

ትርሐስ ስልኩን ዝቅ አደረገችው። ደሳለ ከሚሠሩት ኬብሎች አንዱን ነቅሎ አሥራ ዘጠነኛው ቀዳዳ ላይ ሰካው። ትርሐስ ላፕቶፑን አየች። ተነሥቷል። ሃያኛው ላይ፣ ሃያ አንደኛው ላይ ሰካ፤ ሁሉም ተነሡ።

«ስድስቱም ኬብል እንዴት አንድ ላይ ይበላሻል? ያውም በእርስዎ እጅ?»

ደሳለ ከተበላሹት አንዱን አነሣና የፕላስቲኩን ጫፍ ወደ መብራት አቀረበው። «እስቲ ንገሪኝ፤ አረንጓዴው የት ነው ያለው?»

ትርሐስ ጠጋ ብላ አየች። «ቡናማው ቦታ ላይ። ቡናማው ደግሞ አረንጓዴው ቦታ ላይ። ተቀያይረዋል እኮ።» ቀና ብላ አየችው። «አይታይዎትም እንዴ?»

«አይታየኝም። ከተወለድኩ ጀምሮ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ የሚሉት ለእኔ አንድ ናቸው።»

ደሳለ ቁጣዋን ጠበቀ። ቁጣውም መጣ፤ ግን ካሰበው በሌላ በኩል ነበር።

«ታዲያ ትናንት ተፈትሸዋል ወይ ስልዎት ለምን አልነገሩኝም? ቀለም አለመለየት እኮ ወንጀል አይደለም! አለመፈተሽ ነው ወንጀሉ!»

«ልክ ነሽ። ኮራሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አሁን ይህን ካርድ በሐሰት ልከሰው ነበር» አለች። ከዚያ ድንገት ሌላ ነገር ትዝ አላት። «ቆይ! ሌሎቹን አሥራ ስምንቱን እንዴት ሠሯቸው? ሃያ ዓመት እንዴት ሠሩ?»

ደሳለ ከአሮጌው ጥቅል የተረፈች ቁራጭ ከወለሉ አነሣ። ገፈፋትና እጇን ይዞ ጥፍሯን በአንዱ ጥንድ ላይ አሳለፈ፤ ከዚያ በሌላው። ትርሐስ ዐይኗን ጨፈነች። ደገመችው።

«ውይ! ይለያያል እኮ!» አለች። «አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ይህን በእጄ የነገረኝ ሰው የለም። እንደሚለያይ በመጽሐፍ ነው የማውቀው።»

«የአዲሱ ካርቶን ግን አይለያይም፤ ወይም ለእኔ ጥፍር አይበቃም።»

ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። «ሠላሳ ደቂቃ አለን። እኔ ጫፍ ለመግጠም እጄ ዘገምተኛ ነው። ቀለሙን ልጥራልዎት?»

«ጥሪ።»

ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ደሳለ የተሳሳቱትን ጫፎች ቆርጦ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ጣላቸው፤ እሷ ሽቦዎቹን በጣቷ እየነካች «ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ...» ስትል እሱ እየደረደረ፣ በመቀስ እኩል እየቆረጠ፣ ጫፉን እያለበሰ በፒንሳው ጨምቆ ይወረውራል። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ትርሐስ በፍጥነቱ ተደነቀች።

«ቀስ ይበሉ፤ መጥራት አቃተኝ!»

«አንቺ ነሽ የዘገየሽው። ቀጥይ።»

በዚህ ጊዜ ስድስቱንም አንድ በአንድ ፈተሿቸው። ሲሰኩ ትርሐስ ላፕቶፑ ላይ ቆጠረች፤ «ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት። ሃያ አራት!» አለችና ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ለሦስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። የመጨረሻው ቀዳዳ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ነው። ወዲያው የደሳለ ስልክ ጮኸ፤ የማረፊያው ባለቤት ነበሩ። ጠዋት ተነሥተው ኢንተርኔት ስለጠፋባቸው ሊቆጡ ደውለው፣ ገና «ሃሎ» ሲሉ ተመልሶ መጣላቸው፤ «እንዴት አደርክ ልልህ ነው» ብለው ዘጉ።

ጋሽ ዘውገ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁለቱ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኟቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ በቀጥታ ወደ ውስጥ ገቡና ተመልሰው ወጡ።

«አረንጓዴ ናት፤ አዲሷም አረንጓዴ ናት» አሉ።

ትርሐስ ደሳለን አየችው፤ ከዚያ ሽማግሌውን። «ጋሽ ዘውገ፣ ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ምኑን? ይሄ ቀለም እንደማይለይ?» ሽማግሌው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ልጄ፣ ሁለት ዐይን ያለው ሰው በቀን ሦስት ጊዜ መብራት እይልኝ ሲለኝ ምን ሊመስለኝ ነው? ስድስት ዓመቴ ነው ካወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ደሳለ።

«አንተ መቼ ነገርከኝ? ሰው ያልነገረህን አትጠይቀውም።»

ትርሐስ የዚያኑ ቀን ሪፖርቷን ደሳለ አጠገብ ተቀምጣ ጻፈች። ምንም አልደበቀችም። ስድስት ጫፎች ሳይፈተሹ እንደተሰኩ፣ ስሕተቱ ከምን እንደመጣ፣ ማን እንደተናገረና እንዴት እንደተስተካከለ ጻፈች። መጨረሻ ላይ የጨመረችውን ግን አላነበበችለትም። «ይህ የእኔ ሐሳብ ነው» ብላ ላፕቶፗን ዘጋችው።

በማግስቱ ደሳለ ወደ መንደሩ ወጣና ለእናቱ ለእማማ ባንችይርጋ ሁሉንም ነገራቸው። ከዚህ ወዲያ ሰው ሁሉ ሊያውቅ ነውና መጀመሪያ ከእኔ ትስማ ብሎ ነው። እናቱ ሽንብራ እየለቀሙ ሰሙት። ሲጨርስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ «የአባቴ ነው» አሉ።

«የምን የአባቴ?»

«አባቴም እንዲሁ ነበር። አንድ ጊዜ ገበያ ወርዶ ቀይ በሬ ገዛሁ ብሎ ቡላ በሬ ይዞ መጣ። የሠፈሩ ሰው ዓመቱን ሙሉ ‹ቀዩ በሬህ እንዴት ነው?› እያለ ሲስቅበት ኖረ። እሱ ግን ‹ያርሳል› ይል ነበር። አንተ ያን ጊዜ አልተወለድክም።»

«እማዬ፣ ይህን ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ብቻዬን ነበርኩ!»

«አንተስ መቼ ነገርከኝ?» አሉ እንደ ጋሽ ዘውገ፤ ወደ ሽንብራቸውም ተመለሱ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ወልድያ ካለው ቅርንጫፍ ተደወለ። ኃላፊው አቶ ውዱ ድምፃቸው ወፍራም ነው። «ደሳለ፣ ሐሙስ ጠዋት ወልድያ ትፈለጋለህ። የሥራ ዕቃህን ይዘህ ና» ብለው ዘጉ።

የሥራ ዕቃህን ይዘህ ና። ደሳለ ይህን ሲሰማ ዕቃውን ተረክበው ሊያሰናብቱት እንደጠሩት ቆጠረው። ፒንሳውን፣ ካቻቢቴዎቹን፣ መፈተሻዋን በጨርቅ እየወለወለ አንድ በአንድ ቦርሳ ውስጥ ከተተ። ሰገነት ከጎኑ ተቀምጣ አየችው።

«ቢያሰናብቱህ ነጠላ ትሸጣለህ» አለችው።

«ቀለም የማይለይ ነጠላ ሻጭ!»

«ዋጋ ንገር እንጂ ቀለሙን ገዢው ያየዋል።»

ጋሸና ላይ መኪናው ለቁርስ ሲቆም ጥብስ አዘዘና ሁለት ጉርሻ ብቻ ጎርሶ ተወው። ወልድያ ሲደርስ አቶ ውዱ በር ላይ ጠበቁት። ወደ ቢሮ አላስገቡትም፤ በኮሪደሩ ይዘውት ሄደው አንድ ክፍል ከፈቱ። አሥራ ሁለት የኬብል ሠራተኞች ከየወረዳው መጥተው በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። በየፊታቸው የኬብል ቁራጭ አለ። ጥግ ላይ ትርሐስ ቆማ እጇን አወዛወዘችለት።

«ይሄ ነው» አሉ አቶ ውዱ ለተሰብሳቢው። ከዚያ ወደ ደሳለ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ፤ ትርሐስ ሠራተኞቹን ያሠልጥን ብላ መጨረሻ ላይ የጨመረችውንም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። መፈተሻ ካለህ ሥራህ ይጎድላል?»

«አይጎድልም።»

«ካልፈተሽክስ?»

«ይጎድላል። ዐይን ያለውም ካልፈተሸ ይጎድልበታል።»

«እሱን ነው ለእነዚህ እንድትነግራቸው የጠራሁህ። ከዛሬ ጀምሮ የማንም ዐይን ምንም ይሁን ምን ያልተፈተሸ ኬብል ራውተር ላይ አይሰካም። በሁለቱም ጫፍ ላይ ደግሞ እንደ አንተ ይጻፍበታል። እንግዲህ ዕቃህን አውጣ።»

ደሳለ ሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ላብ በላብ ሆነ። ኬብሉን ሲገፍ ግን እጁ ረጋ፤ እጁ ሲረጋ ምላሱም ተፈታ። ስለ ጥፍሩ ነገራቸው፤ ዐይናቸውን አስጨፍኖ ጥንዶቹን በጥፍራቸው አስለያቸው። ከአዲሱ ካርቶን የተሠሩትን ስድስት የተሳሳቱ ጫፎች ከቦርሳው አውጥቶ ዙሪያውን አዞራቸው። «እነዚህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ሲል አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ለሻይ ሲወጡ አንድ ቀጭን ሰው ከኋላው ተከተለው። ምናለ ይባላል፤ ከሰቆጣ በኩል የመጣ ነው። ግራ ቀኙን አየና ብርጭቆውን አፉ ላይ እንዳደረገ አንሾካሾከ።

«ወንድሜ፣ ያ መብራቱ... አንተ አረንጓዴ መሆኑን እንዴት ታውቃለህ?»

ደሳለ ፊቱን ለአፍታ አየው። «አንተም?»

«እኔም። ሚስቴም አታውቅም።»

ደሳለ ክንዱን ያዘና ወደ ጓሮ ወሰደው። ሌሎቹ ገብተው ትርሐስ ሁለት ጊዜ እስክትጠራቸው ድረስ እዚያው ቆመው አወሩ።

አሁን በስልክ ይደዋወላሉ። ምናለ ለሚስቱ ለመናገር አንድ ወር ፈጀበት፤ ከተናገረም በኋላ እሷ አልራራችለትም። ባለፈው ቅዳሜ ደሳለ መሰላል ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ደሳለ፣ ገበያ መሀል ቆሜያለሁ» አለ ምናለ፤ ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል። «የበሰለ ቲማቲም ይዘህ ና ብላ ላከችኝ። ሆን ብላ ነው። ምን ላድርግ?»

«በጣትህ ጫን በለው» አለ ደሳለ በአንድ እጁ መሰላሉን ይዞ። «ለስለስ ካለ በስሏል። ሻጯ ስትቆጣህ ደግሞ ፈጥነህ ክፈል።»